የእኛን ቤት ብቻ የሸተተው ምሳ ዕቃ

ሰሞኑን የልጄን ምሳ ዕቃ ከማጠቤ በፊት አሸተዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ብየ ጓዳ ገብቼ ነው የማሸተው። ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የላስቲክ ዕቃ ነው፤ ልጄ እመቤት ሥራ የያዘች ሰሞን ከመናኸሪያው በላይ ካለው ሱቅ የገዛሁላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ዕቃ ወደ ማታ ቤት ሲመለስ የማላውቃቸውን ቤቶች ሽታ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። መቼም መሥሪያ ቤት ምሳ ለብቻ አይበላም። ሁሉም ያመጣውን ከፍቶ መሐል ያደርገዋል፣ እጅ በእጅ ላይ ይሻገራል፣ ያንዱ ወጥ ባንዱ እንጀራ ላይ ያርፋል። እኔም ዳር ዳሩን የቀረውን እያየሁ «ዛሬ ደግሞ ተልባ ያመጣው ማነው? ይቺ ምስሯ ላይ ሽንኩርት የምታበዛዋ አሁንም አልተወችም?» ስላት እመቤት ትስቅብኛለች። «እማየ፣ አንችስ መርማሪ መሆን ነበረብሽ፤ ሙያሽ ሳይታወቅ ቀረ» ትለኛለች። የባልደረቦቿን ፊት አላውቅም፣ ጓዳቸውን ግን አውቅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ዕቃው የኛን ቤት ብቻ መሽተት ጀመረ። የኔኑ ሽሮ፣ የኔኑ ጎመን። እንጀራው ከአንድ ጎን ብቻ ተቆርሷል፣ የቀረው እንደ ጠቀለልሁት ነው። የሌላ ሰው እጅ ያልገባበት እንጀራ ያስታውቃል። የመጀመሪያ ቀን ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልሁ። በሁለተኛው ቀን የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ ይሆናል አልሁ። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ይህን ነገር አውቀዋለሁና። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ምሳ በልቻለሁ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ፣ ሮብ ገበያ ከሚባል አገር ወደዚህ የወረድሁ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ከተማ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠርሁ። ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ታች ሲወርዱ በስተግራ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበት የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል። ቆርቆሮ ክዳን፣ በሩ ላይ አረንጓዴ ቀለም፣ ውስጡ ሦስት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና። የካውያው ከሰል ከጠዋት ጀምሮ ይጨሳል፤ እርጥብ ጨርቅ በካውያ ሲመታ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድረስ ከፀጉሬ የለቀቀ አይመስለኝም። ሻይ በስሙኒ፣ ዳቦ በስሙኒ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ፊት ለፊታችን ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ያንኑ አንድ ካሴት እያገላበጠ ሲያጫውት ስለሚውል ዘፈኑን እኛ ከዘፋኙ አብልጠን እናውቀው ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ዘፈኑ ይጎተታል፣ እኛም የስፌት መኪናውን እግር እየረገጥን አብረን እንጎትተዋለን። የኔ ሥራ ቁልፍ መትከልና የቁልፍ ቀዳዳውን ዳር በክር መዘምዘም ነበር። የባላገሩን ካኪ ቁምጣ፣ የሴቶቹን አረንጓዴ ሽንሽን ቀሚስ፣ የተማሪውን ቴትሮን ሸሚዝ፤ ጥምቀት ሲደርስ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ይከመር ነበር። የላስቲክ ጫማየን አውልቄ፣ እግሬን በብጣሽ ጨርቅ ውስጥ ቀብሬ ስሠራ ብርዱን እረሳዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የምለው ሰው ከመጀመሪያውም የምጠላው ሥራ እንዳይመስለው ነው።

ቤቱን የሚመራው ጨርቅ ቆራጩ ነበር። አያ ጌትነት እንለዋለን። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ይጥላል፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ ወገቡን በዓይኑ ለክቶ የሚናገር ሰው ነው። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከሉማሜ፣ ከደብረ ኤልያስ ድረስ ሰው የሚመጣው ለስፌቱ ብቻ አልነበረም፣ ለጨዋታውም ጭምር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰፊ ትሪ እንዘረጋለን፤ ሁላችንም ያመጣነውን እንገለብጥበታለን፤ እሱ «እንግዲህ ያልሰረቀ ይብላ!» ይላል፤ እንስቃለን። ከኔ ጋር ቀዳዳ የምትዘመዝመው እትየ ዘውዴ ነበረች፤ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። የወጡን ፍሬ ፍሬ ለቅማ ወደኔ የምትገፋልኝ እሷ ነበረች።

ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አያ ጌትነት ጠራኝና ቀሚስ ልስፋልሽ አለኝ። ጨርቁንም አሳየኝ፣ ለስላሳ ከፋይ ነው፣ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ቀይ። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሼ አላውቅም። «ሰው ሲሄድ ቆይ፣ ልለካሽ» አለኝ። እኔም «እትየ ዘውዴ ትለካኛለች» አልሁ። በቃ፣ ያልሁት ይህችኑ ነው። ሳቀ። ጨርቁን አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። «እሷማ ምን ታውቃለች መለካት» አለ፣ ነገሩም ያለቀ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ የዘመዘምሁትን ቀዳዳ ሁሉ ፍችው አለኝ። ፈታሁ። መልሼ ሠራሁ። «ይህ ቀዳዳ ነው ወይስ አይጥ የበላው?» ብሎ ለደንበኞች አሳየ። ቤቱ ሳቀ፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ንግሥት» ይለኝ ጀመር። «ዝም በሉ፣ ንግሥት ገባች! ልኬቷን ለሰው የማታሳይ!» በር ላይ የቆመው ደንበኛ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ቁልፍ ጠፋ ሲባል ኪሴን ገልብጭ ይለኛል። አንድ ቀን የምቀመጥበት በርጩማ የለም፤ ቆሜ ስዘመዝም ዋልሁ። ማን ወሰደው ብየ ስጠይቅ ሁሉም መርፌው ቀዳዳ ላይ አቀረቀረ። እጁን አንስቶ መትቶኝ አያውቅም። በስሜ ጠርቶ ሰድቦኝም አያውቅም። ለዚህ ነው ለነገሩ ስም ያጣሁለት። እኛ ያኔ የምናውቀው ቃል አንድ ነው፣ «ጠመደኝ» እንላለን፤ ይህም ሰው እንደ ዝናብና እንደ በረዶ የሚቀበለው ነገር ነው። የጠመደህ ሰው ይጠምድሃል፣ አንተ ደግሞ እስኪያልፍ ትጠብቃለህ።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ምሳው ነው። አንድ ቀን እጄን ታጥቤ ወደ ትሪው ጠጋ ስል አያ ጌትነት ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና እጁን ጠርጎ ተነሳ። በማግሥቱ እጄን ታጥቤ ስመለስ ትሪው ተጀምሯል። በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ «እንብላ» ያለኝ የለም። እንብላ እኮ ለመንገደኛም ይባላል! ለማታውቀው ሰው፣ ለባላጋራም ሳይቀር ይባላል። እትየ ዘውዴን አየኋት፤ እሷ ትሪውን ታያለች። የያዝሁትን በመሐረብ እንደ ቋጠርሁ ወደ ጓሮ ወጣሁና የከሰሉ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በላሁ። የራስሽ ቤት እንጀራ እንዲህ ያንቃል ብየ አስቤ አላውቅም ነበር።

እናቴ ለገበያ ስትመጣ ነገርኋት። ከሮብ ገበያ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ። ከፋዩን፣ ልኬቱን፣ ምሳውን ሁሉ ነገርኋት። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈሪ ነበረች፣ እኔም የወረስሁት ያንኑ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» አለችኝ። ከዚያ ለመሸጥ ያመጣችውን ቅቤ አንስታ «ተነሽ» አለችኝ፤ የሰው ሆድ በቅቤ ይለዝባል ብላ ነው። አያ ጌትነት ቤቱን ሊዘጋ ሲል ደረስን። እናቴ ቅቤውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አኑራ «ጉልበቱን ሳሚ» አለችኝ።

«ምን አጥፍቼ?»

«ሳሚ አልሁሽ! ልጅ ናት ጌታየ፣ ይቅር ይበሏት፣ ባላገር ናት፣ አታውቅም።»

ሳምሁ። ሱሪው ጠመኔ ጠመኔ ይላል። እሱም «ኧረ ተይ እናቴ፣ ተይ፣ ምን ቆርጦኝ፤ እንደ ልጄ ነው የማያት» እያለ ቅቤውን በእጁ መዘነው። በማግሥቱ ሁሉም ባለበት «ትናንት በእናቷ ፊት ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አለ። ምን እንዳጠፋሁ የጠየቀ የለም። ትሪው ላይ ግን አልጠሩኝም። ለፋሲካ አገሬ እንደሄድሁ ቀረሁ። ያን ዓመት ዳሩኝ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከባሌ ጋር ተመልሰን ማርቆስ ገባን፤ ያን መንገድ ግን እስከ ዛሬ በስተቀኝ በኩል ነው የማልፈው።

አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና እመቤት ሁለታችን ነን። እሷ ተምራለች። መሥሪያ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ እኔ በርጩማ ያጣሁባት ዓለም ያለፈች መስሎኝ ነበር።

አንድ ማታ ምሳ ዕቃውን ታቅፌ ጠየቅኋት። «ከማን ጋር ነው ምሳ የምትበይው?»

«ከሰው ጋር።»

«ከየትኛው ሰው?»

«እማየ፣ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል። የማንም ቤት ሽታ የለበትም እኮ ይኸ ዕቃ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ኃላፊዋ ለመስክ ሥራ ወደ ሉማሜ አብረን እንሂድ፣ አድረን እንመለስ ብሏት ነበር። ሌላ ሠራተኛ ይጨመር ብላ ጠየቀች፤ በትህትና ነው የጠየቀችው። ጉዞው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዋን ኮሪደር ላይ አወጡት፣ ቢሮው ጠቧል ተብሎ። ሥራ አይሰጣትም፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ምን ሠራሽ ብሎ ይጠይቃታል። ሲያልፍ ሲያገድም «እመቤቲቱ ደኅና ዋሉ? መስክ አይመቻቸውም፣ አቧራ ይነካቸዋል!» ይላል፤ የሚከተሉት ይስቃሉ። አብረዋት ይበሉ የነበሩት አንድ በአንድ ቀሩ። ጠልተዋት አይደለም፤ እሱ በመስኮት ስለሚያይ ነው።

«መታሽ?» አልኋት።

«አልመታኝም።»

«ሰደበሽ?»

«ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስድብ ለሰው ይነገራል። ይህን ለማን እነግራለሁ? ሳቀብኝ ልበል? ጠረጴዛየን አወጣብኝ ልበል? እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም።» ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ቀኑን፣ የተናገረውን፣ ማን ቆሞ እንደሰማ ሁሉ ጽፋዋለች። «አንድ ላይ ሲሆን ግን ስም አለው፣ እማየ። ትንኮሳ ይባላል። የሉማሜውም፣ ከዚያ ወዲህ ያለውም አንድ ገመድ ነው። ሰኞ አቤቱታ አስገባለሁ።»

እኔ ቀስ ብየ ነው የማነበው፤ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልሁ። «በርጩማ» የሚል ፈለግሁበት። የለም። የቀረው ሁሉ ግን አለ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረው ነገር፣ በልጄ የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ አየሁት።

እንግዲህ ጀግና ብሆን ኖሮ በርች እላት ነበር። አላልሁም። «ቢያባርሩሽስ? ዘመኑን እያየሽ? ነገ ሥራ ከየት ይመጣል? ሰው ስምሽን በክፉ ቢያነሳውስ?» ነው ያልሁት። «ዝም አይነቅዝም» አልኋት፤ እናቴ ከአፌ የወጣች መሰለኝ። ደግሞም «እኔ ሄጄ ላናግረው» አልሁ።

«እንዳትሄጅ! በአባየ አጥንት! እማየ፣ አንች ከሄድሽ አለቀልኝ።»

ቅዳሜ ግን ሄድሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም፤ ፍርሃት የሚያስተምረው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ከገበያ ጥሩ ቅቤ መረጥሁ፣ በጥፍሬ እየቀመስሁ፣ ሻጯን እያስቆጣሁ። ነጭ ነጠላየን ለበስሁ። የሰውየውን ቤት ጠይቄ አውቄያለሁ። ጉልበቱን ለመሳም እንኳ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የኔ ጉልበት እስከሆነ ምን ቸገረኝ፣ እሷን አያንበርክኳት እንጂ።

ከገበያው ዳር አንዲት ባልቴት ሸራ ዘርግታ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ስንት ዓመት ባለፍሁበት መንገድ አይቻት አላውቅም፣ ወይ እሷ አዲስ መጥታለች። የቁልፎቹ ክምር ዓይኔን ያዘውና ቆምሁ። እሷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ።

«አንች! ዘምዛሚዋ አይደለሽም? ከጌትነት ቤት?»

እትየ ዘውዴ ነበረች። ጥርሷ አልቋል። ተሳሳምን፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነው። «እንደው አልሞትሽም?» አለችኝ። «እርስዎ ሳይቀድሙኝ?» አልኋት፤ ሳቀች። አንድ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አንስታ በእጄ አስያዘችኝ፣ ድሮ ዓይነቱን፣ አራት ቀዳዳ ያለውን። ስለ ካሴቱ ልጅ፣ ስለ ከሰሉ ጭስ፣ ስለዚያ እስከ ጣሪያ ስለሚከመር ጨርቅ አወራን። ከዚያ «ወዴት ነሽ ቅቤ ይዘሽ?» አለችኝ። ለምን እንደነገርኋት አላውቅም፤ ለሰው ሳልናገር ብዙ ቆይቼ ይሆናል። ሁሉንም ነገርኋት።

እትየ ዘውዴ ቁልፎቿን በቀለም ትለይ ጀመር።

«ተመለሽ» አለችኝ።

«ምነው?»

«ያን ቀን እናትሽ ቅቤ ይዛ ስትመጣ እኔ ነጠላየን ረስቼ ተመልሼ ነበር። በመስኮት አይቻለሁ፣ ጉልበቱን ስትስሚ። ስሚኝ ልጄ። ሜትሩን ይዞ ያላሻሸው ሴት እዚያ ቤት አልነበረችም፣ እኔንም ጨምሮ። ያ ሁሉ የሚደርስብሽ ለምን እንደሆነ ከማንም በፊት አውቅ ነበር። ምሳየን ስበላ ያንቀኝ ነበር። ጉልበቱን ስትስሚ ጊዜ ግን እሰይ አልሁ።»

«እሰይ?»

«እሰይ አልሁ። እንግዲያ ጥፋቱ የሷ ነው፣ ባታጠፋ ይቅርታ አትጠይቅም አልሁ። ከዚያ በኋላ ምሳው አላነቀኝም።» መነጽሯን አወለቀች። «አንዲት ቀን ላመነታ፣ ላዝንልሽ የነበርሁትን እኔን ያሳረፍሽኝ በዚያ ቅቤ ነው። አሁንም ልጅሽ መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚያንቃት አንዲት ሴት አትጠፋም። አሳርፈሻት እንዳትመለሽ።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚሆን ቁጣ አለኝ። ደከመኝ፣ እሷም አርጅታለች፣ ገበያውም ይገፋናል። ቁልፉን መልሼ ክምሩ ላይ አኖርሁትና በመጣሁበት ተመለስሁ። ቅቤውም ከኔ ጋር ተመለሰ። እመቤት ጠረጴዛው ላይ ስታየው የት ልሄድ እንደነበር የገባት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ያን ቀን እግሬን ልጠብሽ አለችኝ።

ሰኞ አቤቱታውን አስገባች። የተቀበላት ሰው ማኅተም መትቶ «ይታያል» አላት። ይታያል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እስከ ማታ ስልኬን በእጄ ይዤ፣ በሩ ኳ ባለ ቁጥር እየተነሳሁ ዋልሁ። ፍርሃቴ አለቀቀኝም፤ ይህን ስናገርም አለ፣ አጠገቤ ተቀምጧል። የማውቀው ሌላ ሥራ ስለሌለ ምሳ ቋጠርሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቋጠርሁላት። «እማየ፣ ማን ይበላዋል?» አለችኝ። «አንች ብቻ ክፈችው፣ ሰው ሲያልፍ እንብላ በይ፤ እነሱ ባይሉሽም አንች በይ» አልኋት። ሰኞ ግማሹ ተመለሰ። ማክሰኞ ግማሹ ተመለሰ። ረቡዕ እንዲያውም ከግማሽ በላይ። እኔ እራት አድርጌ እበላዋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ለሁለት እቋጥራለሁ። ወጥ ጠጥቶ የቀዘቀዘ እንጀራ መብላት ለኔ አዲስ አይደለም።

ሐሙስ በዚያ ቅቤ እንቁላል ጠብሼ ሰደድሁላት። ማታ ስትገባ እንደ ወትሮው ቦርሳዋን ወረወረችና ጫማዋን አወለቀች። ምሳ ዕቃውን ስቀበላት ቀለለኝ። ጓዳ ገብቼ ከፈትሁት። ባዶ ነው። ጥግ ላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ ጥፍር የምታህል ሽሮ ደርቃለች፤ ቀይ፣ አብሽ የበዛባት። እኔ ሽሮየ ላይ አብሽ አልጨምርም።

«እመቤት» አልሁ፣ ከጓዳ ሳልወጣ።

«አቤት።»

«ማን ናት?»

«ከመዝገብ ቤት ናት። ወንበሯን ተሸክማ ኮሪደር ድረስ መጣች። እንብላ ስላት፣ ‹እስክትይኝ ነው የጠበቅሁ› አለችኝ።»

«ሰውየው አያትም?»

«ቆሞ ነው ያያት።»

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ምናልባት ሁለቱንም ያባርሯቸው ይሆናል። ለማጠቢያ የቀዳሁትን ውኃ ጋን ውስጥ መለስሁት፣ ክዳኑን ገጠምሁ፣ ያን ምሳ ዕቃ ሳላጥበው አሳደርሁት።